አያ ሞላ ብቻ የሚከፍቱት በር

ሁሉን ነገር በራሱ የሚችል ሰው ሳታውቁ አትቀሩም። ሱሪው ሲተረተር ራሱ የሚሰፋ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ራሱ ወጥቶ የሚደፍን፣ ጉንፋን ሲይዘው ዝንጅብሉን ራሱ አፍልቶ፣ ራሱ ጠጥቶ፣ ራሱን “እግዜር ይማርህ” ብሎ የሚተኛ ሰው። አገሩ ያደንቀዋል፤ “እገሌ እኮ የማንንም እጅ አያይም” ይባልለታል። መባሉስ መልካም ነበር። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ የዚያን ሰው በር የሚያንኳኳ የለም። ምን ሊሆን ያንኳኳል? ያ ሰው እኔ ነኝ።

ጥፋቱ የእናቴ ነው ብል ነፍሷ አይምረኝም። አዴት ነው የተወለድኩት፤ እናቴ ከእኔ በቀር ልጅ አልነበራትም፣ አባቴም ገና ሳልናገር ነው የሞተው። ስለዚህ ወንድ የሚሠራውን ከአጎቴ፣ ሴት የምትሠራውን ከእሷ ተማርኩ። ወጥ አስተማረችኝና “ለማንም እንዳትናገር” አለችኝ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ እሳት ሲያራግብ ከታየ የሚወጣለትን ስም ታውቁታላችሁ፤ እስከ ልጅ ልጆቹ ይከተላል። እኛ ዘንድ ሥራ ሁሉ ባለቤት አለው። ማረሱ የዚህ፣ ማቡካቱ የዚያች፣ መቀደሱ የካህን። አንዳንዱን እግዜር ደነገገው፣ አንዳንዱን ልማድ፣ አንዳንዱን ደግሞ ማን እንደደነገገው ሽማግሌም አያውቅ። እኔ ታዲያ በወጣትነቴ ይህን ነገር አጥብቄ እጠላ ነበር። እጅ ያለው ሁሉ ለምን አይሞክርም? ፖለቲካዬ ይኸው ነበር፤ ሌላ የለኝም።

ይህን ይዤ ነው ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ላስተምር የተመደብኩት። ከመጽሐፍና ከአንድ ብርድ ልብስ በቀር ይዤ የመጣሁት ነገር ቢኖር አንድ ጨዋታ ነው። ካርታ አይደለም፤ ዳማም ገበጣም አይደለም። ባሕር ዳር ስማር አንድ በጎ ፈቃደኛ ፈረንጅ አስተምሮን ሲሄድ የደንቡን መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ትቶልኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ትቀመጣላችሁ። አንዱ ተራኪ ይሆንና “ዋሻ ደርሳችኋል፤ ዋሻው በር አለው፤ በሩም ተቆልፏል” ይላል። ሌሎቻችሁ ደግሞ እያንዳንዳችሁ አንድ ሰው ትሆናላችሁ፤ ጦረኛ፣ ካህን፣ ጠንቋይ፣ ሌባ። “እኔ እንዲህ አደርጋለሁ” ትላላችሁ። ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ሃያ ፊት ያለው፣ ዳይስ የሚባል የሚወረወር ጠጠር ነው። ዳይሱ እንኳ አውቶብስ ውስጥ ወድቆብኛል። ስለዚህ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የጻፍኩባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ጠቅልዬ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኳቸው፤ ዕጣ እናወጣለን፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሳካል። ከዳይሱ ሳይሻል አይቀርም፤ እኛ አገር ዕጣ ሲወጣ ሰው ትንፋሹን ይይዛል።

በዚያ መጽሐፍ ደንብ ሰው በመደብ ይከፈላል። መደብ ስል አትደንግጡ፤ የዱሮው የመደብ ትግል አይደለም። እያንዳንዱ መደብ የራሱ ብቻ የሆነ ችሎታ አለው ለማለት ነው። ቁልፍ መፍታት የሌባው ብቻ ነው፤ ጦረኛው እጁ ቢያሳክከው እንኳ “ልሞክር” ማለት አይፈቀድለትም። ሌላ ዓይነት ደንብም አለ፤ እዚያ ችሎታው ለሁሉም ክፍት ነው፣ የፈለገ ይሞክራል፣ ዕጣው ይፈርዳል። የትኛው ይሻላል በሚለው ጉዳይ ተጫዋቾች በየአገሩ ተጣልተው እንዳልታረቁ ፈረንጁ ሲነግረኝ ስቄበት ነበር። በጨዋታ ደንብ የሚጣላ ሰው ሥራ የፈታ ነው ብዬ።

ሦስት ተጫዋቾች አገኘሁ። አንዱ የስፖርት መምህሩ ተመስገን ነው፤ የቡሬ ልጅ፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ያለ ክርክር ጦረኛ ሆነ። ሁለተኛዋ የማንኩሳዋ እመቤት ናት፤ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ጠንቋይ ሁኚ ስላት “ወይ በሥላሴ ስም!” ብላ አማተበች፤ ደብተራ ስላት ግን ደስ አላት። ሦስተኛው አያ ሞላ ናቸው። አያ ሞላ ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ከእኔ ግቢ ሁለት ቤት አልፎ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያዋሱኝን መዶሻ ሊወስዱ መጡና ቆመው ያዩን ጀመር፤ እስክንጨርስ አልሄዱም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው መጡ። የቀረው መደብ የሌባው ብቻ ስለነበር እየፈራሁ ነገርኳቸው። “ሌባ የሚል ቃልና ሞላ የሚል ስም አንድ ወረቀት ላይ አይጻፍም” አሉ። “በር ከፋች” ብለን ጻፍን።

አያ ሞላ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ አምስት ዓመት ሠርተዋል። “የእገሌ የቦታ ክርክር” ስትሏቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ “ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች፣ ገመዱ ቀይ ነው” የሚሉ ሰው ነበሩ። ያን ዘመን ታስታውሱታላችሁ፤ ሁሉ ነገር የሚለወጥበት ዘመን ነበር። በየስብሰባው ለውጥ፣ በየግድግዳው ራእይና ተልእኮ። “ሁለገብ ሠራተኛ” የሚባል ነገር መጣ፤ ማንም ሰው ማንኛውንም ሥራ መሥራት አለበት፣ ባለጉዳይ በአንድ መስኮት መስተናገድ አለበት ተባለ። ባለጉዳዩ ደስ አለው፤ እኔም ባለጉዳይ ነበርኩና ደስ አለኝ። መደርደሪያው ፈረሰ፣ ፋይሉ ለየጠረጴዛው ተከፋፈለ፤ አያ ሞላም “ድጋፍ ሰጪ” ተብለው አንድ ባዶ ጠረጴዛ ተሰጣቸው። አንድ ቀን “ማንን ነው የሚደግፉት?” ብላቸው “ግድግዳውን” አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሌላ ሰው ነበሩ። “በሩ ተቆልፏል” ስል ተመስገንና እመቤት ዞረው ያዩዋቸዋል። እሳቸውም መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ፣ ከዚያ “ቁልፉ ያገር ሥራ ነው የውጭ?” ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ምን አውቃለሁ! “የውጭ” እላለሁ። “እሱማ ጥርሱ ስስ ነው” ይላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቆርቆሮው አልተነካም። እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ተመስገን ትዕግሥቱ ያለቀው።

“እስቲ ፍረድ” አለኝ አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ውስጥ። “በር ፊት ቆሜ የሰው መነጽር እስኪጠረግ ልጠብቅ? እጅ የለኝም?”

“እኔም የእናቴን ሳጥን በሽቦ ከፍቼ አውቃለሁ” አለች እመቤት። “ደብተራዬ ለምን አይሞክርም?”

እውነታቸውን ነው። ደግሞም የእኔው ፖለቲካ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲሱን ደንብ አወጅኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ማንኛውንም መሞከር ይችላል፤ አያ ሞላ በር ሲከፍቱ ግን በወጣላቸው ቁጥር ላይ ሁለት ይጨመርላቸዋል። ሁለት ጨምሬላቸው ደግ ሰው የሆንኩ መስሎኛል። “መልካም” አሉ አያ ሞላ፤ “ለውጥ ነው።” እኔ ጆሮ የለኝ፣ አልሰማሁም።

ጨዋታው ፈጠነ። ተመስገን በር ሲያይ እጁ ቆርቆሮው ውስጥ ነው። እመቤት ስትቀጥል፣ እሱ ሲቀጥል፣ በሩ ወይ ይከፈታል ወይ ይሰበራል፤ የአያ ሞላ ሁለት ቁጥር የምትጨመርበት ጊዜ የለም። እሳቸው ቆሏቸውን አዙረው ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ “በሩ ተቆልፏል” ስል መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠርገው ሳይጨርሱ ተመስገን አሥራ ስምንት አውጥቶ በሩን ከፈተው። አያ ሞላ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወዲያ አልመጡም። መንገድ ላይ አግኝቼ ብጠይቃቸው “ሥራ በዛብኝ” አሉኝ። ሥራ እንደሌላቸው እኔም አውቃለሁ፤ እንደማውቅ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሰላምታ ተሰጣጥተን ተለያየን።

ገና ሲደርስ ተመስገን ወደ ቡሬ፣ እመቤት ወደ ማንኩሳ ሄዱ። እኔ ግን የምሄድበት አልነበረኝም። እናቴ በነሐሴ ሞታለች። በሌላው ዓመት ለበዓል አዴት እገባ ነበር፤ ዘንድሮ ቁልፉ ከእኔ ዘንድ ያለ ባዶ ቤት ነው ያለኝ። ማንም “አትመጣም ወይ?” አላለኝም። ሰው ብቻውን መሆኑን የሚያውቀው በዓል ሲሆን ነው፤ የሥራ ቀንማ ሁላችንም ብቻችንን ነን።

በዋዜማው ከሰዓት በመስኮት ሳይ አከራዬ እትዬ የሺ ደጃፍ ቆመዋል። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑባቸው ሴት ናቸው። በግራ ብብታቸው አውራ ዶሮ፣ በቀኝ እጃቸው ቢላ ይዘዋል። ልማዱን የማያውቅ ቢኖር ልንገረው፤ ሴት አታርድም። ወንድ የሌለበት ቤት ሴትዮዋ ዶሮዋን ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ ወንድ ሲያልፍ ይለመናል፤ አማትቦ፣ በስመ አብ ብሎ፣ አርዶ ይሄዳል። አንድ ሰው አለፈ፤ እትዬ የሺ አልለመኑትም። ሁለተኛው አለፈ፤ እሱንም ዝም አሉት። ዓይናቸው ከመንገዱ ማዕዘን ላይ ነው። አፍረው ነው አልኩ። ቸርነት ሲመጣብኝ ደግሞ አልቻልም፤ እየሮጥኩ ወጣሁ።

“እትዬ የሺ! እኔ እያለሁ?”

“ተወው መምህር፣ አንተ ሥራህን ሥራ።”

“ዛሬ ምን ሥራ አለኝ?”

“ቆይማ፣ ትንሽ ቆይ …”

“ይመሻል እኮ!” ብዬ ቢላውንም ዶሮውንም ከእጃቸው ወሰድኩ። አጎቴ በደንብ አስተምሮኛል፤ ዶሮው አንዴ ብቻ ነው የተንፈራገጠው። እጄን ልታጠብ ቀና ስል አያ ሞላ ከማዕዘኑ ብቅ አሉ። ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ጋቢያቸው ታጥቧል፤ ብብታቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ይዘዋል። ደሙን አዩት።

“ታረደ?” አሉ።

“ታረደ!” አልኩ ኮራ ብዬ።

“ደግ አደረግክ። እንኳን አደረሳችሁ” አሉና አለፉ። የሄዱት ግን ቤታቸው ወደሌለበት አቅጣጫ ነው፤ ወደ ላህ ወንዝ።

በበዓሉ ቀን እትዬ የሺ ቤት ተጠራሁ። መሶቡ ዙሪያ ሦስት መቀመጫ ተዘጋጅቷል። “ሂድ፣ አያ ሞላን ጥራቸው” አሉኝ። ሄድኩ። በራቸውን ገርበብ አድርገው “ገድፌአለሁ ልጄ፤ አመስግንልኝ” አሉ። ከጀርባቸው የወጥ ሽታ አልነበረም። ተመልሼ የተባልኩትን ስናገር እትዬ የሺ ሦስተኛውን መቀመጫ ትክ ብለው አዩት።

“አንተ የተማርክ ሰው ነህ” አሉኝ፤ “እስቲ ልጠይቅህ። ባል የሌላት ሴት ሚስት የሌለውን ወንድ ‘ቤቴ ግቡ፣ ምሳ ብሉ’ ብትል አገሩ ምን ይላል?”

“ያማል” አልኩ።

“‘ዶሮ እረዱልኝ’ ብትልስ?”

እጄን ከመሶቡ መለስኩ።

“ያረደ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም። ዘጠኝ ዓመት እሳቸው ያርዳሉ፣ እኔ እሠራለሁ፣ በማግሥቱ መጥተው ይበላሉ፣ እናወጋለን። በዓመት ሦስት አራት ቀን ሰው ሆነን እንውላለን። ቢላ መያዝማ እኔስ ያቅተኛል? ሽንኩርት የምከትፈው በጥርሴ ነው?”

በአንድ ወር ውስጥ ከአንድ ሰው እጅ ሁለት ጊዜ ሥራውን ነጥቄአለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በቸርነት። መሥሪያ ቤቱ ሲጨመር ሦስት። እኔ “ያንተ አይደለም” የሚለውን ደንብ ስጠላ የኖርኩት የሚከለክለውን ሰው ብቻ እያየሁ ነው። የሚጠራውን ሰው አላየሁትም። ያ ደንብ ለአንድ ሰው “አንቱ ካልመጡ አይሆንም” የሚልለት አንድ ቦታ ነበር፤ እኔ ሄጄ “ባይመጡም ይሆናል” አልኩት። እንዲህ ስል ግን እመቤት ተሳስታለች ማለቴ አይደለም። ሽቦውን ይዛ በሳጥን ፊት የቆመች ልጅ እጇን እንድትሰበስብ የምነግራት እኔ ማን ነኝ? ሴትስ እስከ መቼ ቢላዋን ይዛ መንገደኛ ስትጠብቅ ትኖራለች? እነዚህን ሁለት እውነቶች አንድ ላይ አስቀምጬ ላስታርቅ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ዛሬም አልሆነልኝ። እናንተ የታረቁላችሁ እንደሆነ ንገሩኝ።

እትዬ የሺ ግን ለፍልስፍና ጊዜ የላቸውም። በሳምንቱ ሥላሴ ነው፤ በዋዜማው ጠሩኝና “ሌላ ዶሮ አለኝ” አሉ። “አንተ ግን እጅህ ታሟል።”

“ኧረ ምንም አልሆንኩ።”

“ታሟል!” አሉና ከአሮጌ ነጠላ ጨርቅ ቀደዱ። ቀኝ እጄን ከነጣቶቼ ጠቅልለው፣ ጠበቅ አድርገው ቋጩት፤ ቀጥለው ወደ አያ ሞላ ላኩኝ።

ቤታቸው ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። በግድግዳው ጥግ የድሮ ጋዜጣ በየዓመቱ ተለይቶ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ክምር በቀይ ገመድ ታስሯል። ማንም የማይጠይቃቸው መዝገብ ቤት ሠርተዋል። እኔ ሳየው እንዳያዩኝ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ።

“እጅህን ምን ሆንክ?” አሉ።

“የዚያን ዕለት ዶሮ ሳርድ ቆርጦኝ፣ አመርቅዞ ነው። እትዬ የሺም ዛሬ ደጃፍ ቆመው …”

“በየትኛው ቢላ ነው ያረድከው?”

“በሳቸው ቢላ።”

“እሱማ ዱልዱም ነው! እኔ እኮ የራሴን ነው ይዤ የምመጣው።” ተነሥተዋል። “ሰው በማያውቀው ሥራ ሲገባ እንዲህ ነው። በል ምራ።”

እውነቱን ልናገርና፣ አያ ሞላ ማረድ አይችሉም። ዶሮው ከእግራቸው ሥር አምልጦ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ጋቢያቸው ተበላሸ፤ እትዬ የሺ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲታረድላቸው ኖረዋል ማለት ነው! አያ ሞላ ቢላቸውን ጠርገው ወደ ጋዜጣው ሲመልሱ “ተማርክ?” አሉኝ። “ተማርኩ” አልኩ። አልዋሸሁም።

በማግሥቱ፣ በሥላሴ ቀን፣ ሦስታችን መሶቡን ከበብን። አያ ሞላ ወደ መሶቡ እያዩ፣ እንደዋዛ፣ “ያ የዋሻው በርስ?” አሉ።

“ተቆልፏል። ደንቡን መልሼዋለሁ፤ ካንቱ በቀር የሚከፍተው የለም።”

“ተመስገን ምን ይላል?”

“ይቆጣል።”

“ይቆጣ” አሉና እጃቸውን ታጠቡ።

እኔም ልበላ ግራ እጄን ዘረጋሁ። “በግራ እጅ? ያውም በሥላሴ?” ብለው እትዬ የሺ መለሱኝ። ቀኙ እንደሆነ ታስሯል። ሴትዮዋ ደኅና አድርገው ጠቅልለው አጎረሱኝ። ገና ሳልውጥ አያ ሞላ “ሁለተኛው የኔ ነው” ብለው ደገሙኝ። እንዲህ ተራ እየገቡ እስከ መጨረሻው አበሉኝ። እናቴን በሐምሌና በነሐሴ እኔ ነበርኩ የማጎርሳት፤ እኔን ሰው ካጎረሰኝ ስንት ዓመት እንደሆነው ልቆጥር ሞክሬ አጣሁት። ዓይኔ እንባ ሞላ። “በርበሬው ነው” አልኩ። “በርበሬ አልበዛበትም” አሉ እትዬ የሺ፤ ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉ።

ትምህርት ቤት ተከፍቶ በግራ እጄ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪው በፊደሌ ሳቀብኝ። ተመስገን ሳሙናዬን ገዝቶ ይዞ መጣ፤ እመቤት ሸሚዜን ወስዳ አጥባ መለሰች፤ አያ ሞላ ማታ ማታ ሲመለሱ በሬን አንኳኩተው “አልሻረም?” ይሉኛል። “ገና ነው” እላለሁ። እጄ ምንም እንዳልሆነ የሚያውቁት እትዬ የሺ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በየምሳው መጥተው ያጎርሱኛል እንጂ አንድም ቀን ፍታው አላሉኝም። ጥምቀት አለፈ፤ ጨርቁን አልፈታሁትም።